የአስራ አራት ለዜሮው በረኛ

እግር ኳስ ገብቶኝ አያውቅም። ባለቤቴ ግርማ ቅዳሜና እሁድ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በቴሌቪዥኑ ሲጮህ፣ እኔ ልብስ እያጠፍኩ "ማን ከማን ነው?" እለዋለሁ፤ መልሱን ሳልጠብቅ ወደ ሌላ ክፍል እሄዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በሕይወቴ ቁጭ ብዬ የተከታተልኩት ጨዋታ አንድ ብቻ መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው። እሱም በቴሌቪዥን አልነበረም። ዳላስ አጠገብ ባለችው ሳክሲ ውስጥ፣ መብራት የጠፋበት ሳሎን ምንጣፍ ላይ ነው።

ዳላስ ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነበር። ዲቪ የደረሰው ለግርማ ነው። ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን እሱ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ እኔ በአንድ ኤጀንሲ በኩል አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። አገር ቤት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ዘመዶቼ "ሰናይት መላ አታጣም" ይሉኛል። ቁልፍ ሲጠፋ፣ ሰርግ ላይ ወጥ ሲያንስ፣ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት አልጋ ሲያጣ የሚደወለው ለእኔ ነበር። ስሙን እወደው ነበር። መላ የሌለው ነገር አለ ቢሉኝ፣ ሰነፍ ሰው የፈጠረው ወሬ ነው ባይ ነበርኩ።

ኤጀንሲው የመደበኝ ሳክሲ ያለው የሚስተር አርማንዱ ቤት ነበር። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ፖርቹጋላዊ ናቸው። አጥንታቸው ትልቅ፣ እጃቸው እንደ ትሪ የሰፋ፣ ጣቶቻቸው ብዙዎቹ ተሰብረው ጠማማ ሆነው የቀሩ። በወጣትነታቸው አሜሪካ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጡብ ሲደረድሩ ኖሩ፤ የሲሚንቶው አቧራ ሳንባቸውን ስለበላው ቀን ከሌት ኦክስጅን የሚሰጣቸው ማሽን አጠገባቸው ያጉረመርማል። ጠዋት ጠዋት አእምሯቸው ደህና ነው። ከቀትር በኋላ ግን ወዴት እንደሚሄዱ አላውቅም፤ ይሄዳሉ።

ልጃቸው ቴሬዛ በመጀመሪያው ቀን የመድኃኒቱን ሰዓት፣ የማሽኑን ነገር፣ የምግቡን ዓይነት አንድ በአንድ አሳየችኝ። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አለችኝ። "አባዬ ወጣት ሳለ በረኛ ነበር። ስለ ኳስ ግን አታንሺበት። ቴሌቪዥኑ ኳስ ካሳየም ቀይሪው።"

"ለምን?"

"አይወድም" ብላ ሄደች።

እኔ ደግሞ ስለ ኳስ የማነሳው ነገር የለኝም። ሶ፣ ተስማማን። ከእሳቸው ጋር የምንጫወተው ስለ ዓሣ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሟች ባለቤታቸው ነው። መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው ክኒኖቹን በራሳቸው ቋንቋ ይቆጥሩልኛል፤ እየደገምኩ ቁጥሩን ተማርኩ። ሰባት በእሳቸው ቋንቋ "ሴት" ነው። መጀመሪያ ስሰማ እኔን የጠሩኝ መስሎኝ "አቤት!" ብያቸዋለሁ። ትርጉሙን ነግሬያቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

በዚያ ሰሞን ሥራውን ልለቅ ነበር። የሰው ገላ ማጠብ፣ ሌሊት ሌሊት "አሁን ምን ሆነው ይሆን?" እያሉ መባነን ደክሞኛል። ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሥራ ተገኝቶልኛል፤ ካርቶን ቢወድቅ አያለቅስም ብዬ ደስ ብሎኛል። ለቴሬዛ ነግሬያት ነበር። የቀረኝ ያ ሳምንት ብቻ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ሰማዩ የእርሳስ ቀለም ነበረው። ዜናው በረዶ ይመጣል ብሏል፤ ዳላስ ውስጥ ግን በረዶ ይመጣል የተባለ ሁሉ አይመጣም። ቴሬዛ ጎረቤት ከተማ ፎርት ዎርዝ ስብሰባ ስላለባት "ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ" ብላ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ዝናቡ ጀመረ። ዝናብ ነው እንዳትሉ፤ መሬት ሲነካ መስተዋት ይሆናል። ዛፉም፣ ደረጃውም፣ መንገዱም፣ ሽቦውም ባንድ ጊዜ በብርጭቆ ተለበጠ። ለማየት እንዴት ያምራል መሰላችሁ።

መጀመሪያ እኔን የምትተካው ልጅ ደወለች፤ መኪናዋ ከግቢዋ እንኳ አልወጣ ብሏል። ቀጥላ ቴሬዛ ደወለች።

"ሰናይት፣ መንገዱ ተዘግቷል። መኪና ሁሉ ተጋጭቶ ቆሟል። ትቆዪልኛለሽ አይደል?"

"አታስቢ፤ እኔ አለሁ" አልኳት። እንዲህ ማለት ይቀናኛል።

ስልኩን ከመዝጋቴ መብራት ጠፋ።

ማሽኑ አንዴ ረጅም ጩኸት ጮኸና ዝም አለ። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሚስተር አርማንዱ ከወንበራቸው ሆነው ቀና ብለው አዩኝ፤ እንደ ሕፃን ነው ያዩኝ። ሮጬ ከቁም ሳጥኑ መጠባበቂያዋን ሲሊንደር አመጣሁና ቱቦውን ቀየርኩ። ሲሊንደሯ ትንሽ ናት፤ ሐኪም ቤት ደርሶ ለመመለስ ካልሆነ አትበቃም። የመለኪያዋ መርፌ ከመሀል ዝቅ ብላለች።

ናይን ዋን ዋን፣ የድንገተኛ አደጋ ስልክ፣ ኮል አደረግኩ።

"ይተነፍሳሉ?" አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ።

"ይተነፍሳሉ፤ ግን ኦክስጅኑ ያልቃል።"

"መዝግቤሻለሁ። መንገዱ በጣም አስቸጋሪ ስለሆነ ይዘገያል። ብርድ እንዳያገኛቸው አድርጊ፤ ከባሰባቸው መልሰሽ ደውዪ።"

"ምን ያህል ይዘገያል?"

"ልነግርሽ አልችልም፣ ሃኒ።"

ቤቱ ሁለ ነገሩ በኤሌክትሪክ ነው፤ ማሞቂያውም፣ ምድጃውም። ያገኘሁትን ብርድ ልብስ ሁሉ ሰበሰብኩ። በረዶው መስኮቱን መምታት ጀመረ፤ ጠጠር እንደሚበትኑበት ነው የሚንጫጫው። ሚስተር አርማንዱ ጆሯቸውን አቆሙ።

"ብዙ ሰው ነው" አሉኝ።

"የምን ሰው?"

"አትሰሚም? ስታዲየሙ ሞልቷል።"

ብርድ ልብሱን ገፍተው በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን ከፈት፣ እጃቸውን ዘርጋ አደረጉ፤ ዓይናቸው በረንዳው በር ላይ ተተከለ። ያኔ ገባኝ። ቴሬዛ አታንሺበት ያለችኝን ነገር እኔ አላነሳሁትም፤ በረዶው አነሳው።

የመጀመሪያውን ጎል አላወቅኩትም። ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው ተመለሱና በቀስታ "ኡን" አሉ። አንድ ማለት ነው። ክኒን የፈለጉ መሰለኝ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ዘንበል አሉና "ዶይሽ"። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቱቦው ከአፍንጫቸው ወጣ፤ መለስኩላቸው። "ሚስተር አርማንዱ፣ እባክዎ ደገፍ ይበሉ" ስላቸው በእጃቸው ገፋ አድርገው፣ "ከፊቴ ዞር በይ፤ ኳሷ አትታየኝም" አሉኝ።

አራተኛው ላይ ወደ ግራ በሙሉ ሰውነታቸው ተወረወሩ። የደረስኩት ትከሻቸው ምንጣፉን ከመታ በኋላ ነው። ደግነቱ ምንጣፉ ወፍራም ነው፤ የተሰበረ አጥንት የለም። ግን ወደ ወንበራቸው ላነሳቸው አልቻልኩም። በብብታቸው ገብቼ ሞከርኩ፤ ብርድ ልብስ ከሥራቸው አስገብቼ ጎተትኩ፤ ወንበሩን አጋድሜ ከጎናቸው አስጠግቼ ሞከርኩ። አንድ ስንዝር ፈቀቅ አላሉም። መላ አታጣም የተባለችው ሴት በእንብርክኳ ሆና ታለከልካለች።

ጎረቤት ልጠራ ወጣሁ። ደረጃው ላይ እግሬ ከዳኝና ቁልቁል ተንሸራትቼ ሣሩ ላይ ወደቅኩ። በአራት እግሬ ድሄ መንገዱን ተሻገርኩ፤ ፊት ለፊት ያለውን ቤት ደበደብኩ፤ ማንም የለም። ከዚያኛው ቤት ውሻ ጮኸ፤ ሰው ግን አልወጣም። ከኋላዬ የሚስተር አርማንዱ ድምፅ ተሰማኝ፤ እየጮሁ ነው። እየዳህኩ ተመለስኩ።

አምስትም ስድስትም ገብተው ነበር። መርፌዋ ወርዳለች። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ለግርማ ደወልኩ። ሃይዌይ ላይ ሻትሉ ውስጥ ከተሳፋሪዎች ጋር ተቀርቅሮ ቆሟል።

"ኳስ ስንት ደቂቃ ነው?" አልኩት።

"ምን?"

"እግር ኳስ! ስንት ደቂቃ ነው የሚጫወቱት?"

"ዘጠና። ሰናይት፣ ደህና ነሽ?"

ነገርኩት። እንደ ወትሮው አላቋረጠኝም።

"ሶ፣ አሁን ስንተኛው ደቂቃ ላይ ናቸው?"

"እኔ በምን አውቃለሁ! ስድስት ገብቶባቸዋል።"

"ወይ ጉድ። ስሚኝ፤ ጨዋታ ሲያልቅ ዳኛው ሦስት ጊዜ ያፏጫል። አፏጪላቸው። ካፏጨሽ ያርፋሉ።"

ማፏጨት አላውቅም። ልጅ ሆኜ ሞክሬ፣ እናቴ "ሴት ልጅ አታፏጭም" ብላ ከንፈሬን መታ አድርጋዋለች። ሞከርኩ፤ የወጣው ነፋስ ብቻ ነው። "ድምፁን ጨምሪና አስጠጊልኝ" አለኝ ግርማ። ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁ። ያ ሁሉ ተሳፋሪ እየሰማው ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ረጅም ፉጨት አፏጨ።

ሚስተር አርማንዱ ስልኩን አዩ፤ እኔን አዩ። ዓይናቸው በዚያች ቅጽበት ጥርት ያለ ነበር።

"ማንም እንዲያዝንልኝ አልጠየቅሁም" አሉ። "ገና ነው።"

አፍሬ ስልኩን ዘጋሁት። ወዲያው ቴሬዛ ደወለች። አባቷ መሬት ላይ መሆናቸውን፣ እየቆጠሩ መሆኑን ነገርኳት።

"ስንት ላይ ነው?" አለችኝ።

"ስድስት።"

"እስከ አስራ አራት ይሄዳል" አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። "የሚጫወትበት የሰፈሩ ትንሽ ክለብ ነበር፤ ግማሾቹ የሳርዲን ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። በሆነ ዕድል ትልቁ ሊግ ገቡ። ሊዝበን ሄደው አስራ አራት ለዜሮ ተሸነፉ። በዚያ ሊግ ታሪክ ከተመዘገቡት ትልልቅ ሽንፈቶች አንዱ እሱ ነው፤ እስካሁን ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ከተማው ውስጥ ስሙ ጠፋ። 'ካቶርዝ' ይሉታል። አስራ አራት ማለት ነው። ዳቦ ቤት ሲገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ካቶርዝ። አገሩን የለቀቀው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ አጎቴ ነው። እሱ ራሱ አንድ ቀን አንድ ቃል ተንፍሶልኝ አያውቅም፣ ሰናይት። አንድ ቃል።"

"አሁን ምን ላድርግ?"

"አላውቅም" አለች። "ስልኩን አጠገቡ አድርጊልኝ፤ ልስማው።"

አጠገባቸው አስቀመጥኩት። እሳቸው በፖርቹጋልኛ ያጉተመትማሉ፤ እሷ ፎርት ዎርዝ መኪናዋ ውስጥ ሆና ታለቅሳለች። ስልኬን ሳየው ባትሪው ቀይ ሆኗል። አምቡላንሱ መንገድ ቢጠፋበት የሚደውለው በዚሁ ስልክ ነው። ቻርጀሬ መኪናዬ ውስጥ ነው፤ የመኪናዬ በር ደግሞ በበረዶ ተጣብቋል፤ ስድህ ሞክሬው ነበር።

"ቴሬዛ፣ መዝጋት አለብኝ።"

"እባክሽ ትንሽ።"

"ባትሪው ሊያልቅ ነው።"

"አንድ ደቂቃ ብቻ።"

ልጅ አባቷን በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማው ስልኩን በላይዋ ላይ ዘጋሁት። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ምርጫ እንዳልነበረኝ አሁንም አውቃለሁ፤ ያን "ትንሽ" ያለችበትን ድምፅ ግን አሁንም እሰማዋለሁ።

ሳሎኑ እየቀዘቀዘ ሄደ። ከጎናቸው ምንጣፉ ላይ ተኛሁና ብርድ ልብሶቹን በሁለታችንም ላይ ደረብኩ። በኤጀንሲው ሕግ ይህ ክልክል ነው። ሰውነታቸው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሲሊንደሯ ትንሽ እንድትቆይ ብዬ አነስ አደረግኳት፤ እሳቸው ማቃሰት ሲጀምሩ መልሼ ጨመርኩ። አነስ፣ ጨመር። እጄ ላይ የቀረችው መላ ይህችው ነበረች፤ እሷም ብትሆን ዕድሜያቸውን አልጨመረች፣ ጭንቀቴን አልቀነሰች።

በድንገት ክንዳቸው ወደ ላይ ተወረወረና፣

"ሴት!" ብለው ጮኹ።

ሰባት ማለታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። "አቤት" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ማውራት ጀመሩ። እስከ ስድስተኛው ድረስ፣ አሉኝ፣ ተከላካዮቹ እየመጡ "ተነስ አርማንዱ" ይሉኝ ነበር። አንዱ ፀጉሬን ያሻሸኛል፤ አንዱ ኳሷን ከመረቡ ያወጣልኛል። ከሰባተኛው በኋላ ማንም አልመጣም። ያየሁት ጀርባቸውን ብቻ ነው። አቀርቅረው ወደ መሀል ሜዳ ይሄዳሉ። ጭቃው ውስጥ ተነስቼ ኳሷን ራሴ ማውጣት ነበረብኝ። ሰው መጀመሪያ ሳቀብኝ። ኋላ መሳቁንም ተወው።

"ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር" አሉኝ። "ዝም ሲሉ።"

ያን ጊዜ መስኮቱን የሚመታው በረዶም አቁሞ ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሲሊንደሯ ፉጨት ብቻ ነው።

"ኳሷ የት አለች?" አሉኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። ሶፋው ላይ ድቡልቡል ያለች ትንሽ ትራስ ነበረች። ተነስቼ አመጣሁና ደረታቸው ላይ አኖርኩላቸው። በእነዚያ ጠማማ ጣቶቻቸው ዳበሷት። አልሳቁብኝም፤ ትራስ ናትም አላሉኝም። ወደ በረንዳው በር ወረወሯት፤ ሩቅ አልሄደችም።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው። "ኦይቱ"፣ ስምንት፣ ሲሉ ሄጄ ትራሷን አምጥቼ እሰጣቸዋለሁ። "አይዞዎት አባባ" እላቸዋለሁ በአማርኛ፤ እንግሊዝኛዬ አልቆብኛል። ግንባራቸውን እዳብሳለሁ። ይወረውራሉ። እጠብቃለሁ። "ኖቭ" ይላሉ፤ እሄዳለሁ። አንድም ጎል ላስቀርላቸው አልቻልኩም። መምጣት ብቻ ነው የቻልኩት።

በዘጠነኛውና በአስረኛው ጎል መሀል መርፌዋ ዜሮ ላይ ደረሰች። የሲሊንደሯ ፉጨት ጠፋ።

እንደገና ደወልኩ፤ "መንገድ ላይ ናቸው" አሉኝ፤ ስልኬም ወዲያው ሞተ። ትንፋሻቸው አጭር፣ ፈጣን ሆነ። ደረታቸውን ከፍ ለማድረግ ከጀርባቸው ገብቼ ተቀመጥኩና በእኔ ላይ አስደገፍኳቸው። ልባቸው በጀርባቸው በኩል ደረቴ ላይ ይመታ ነበር። በአእምሮዬ አንድ ሐሳብ ገባ፦ አስራ አራተኛው ሲገባ ይሞታሉ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ግን አመንኩት። ጨዋታው እንዲቆም ጸለይኩ። ኪዳነ ምሕረትን ለመንኳት፤ የኳስ ነገር ይገባት እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም።

"ኦንዝ" አሉ። አስራ አንድ።

ትራሷ ከእጄ አትርቅም፤ መልሼ ሰጠኋቸው።

"ዶዝ።"

"አባባ፣ ይበቃል። በቃ እንውጣ።"

"በረኛ አይወጣም" አሉኝ።

"ትሬዝ" ያሉት ውጪው ሊጨልም ሲል ነው። አስራ ሦስት። እጃቸውን ያዝኩ፤ መያዜ ደግሞ እንዳይዘረጉት ብዬ ነው፤ ካልዘረጉ አስራ አራተኛው አይመጣም ብዬ። እንዲህ ያለ ሞኝነት ውስጥ ነበርኩ በሩ ሲደበደብ።

ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከአምቡላንሱ ወርደው ሲገቡ ክፍሉን በባትሪያቸው አበሩት። አንዱ ቀይ ጢም ያለው ግዙፍ ሰው ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ስንዝር ያላነቃነቅኳቸውን ሰው እንደ ሕፃን ብድግ አደረጋቸው። ኦክስጅን አፋቸው ላይ አደረጉላቸው። ሚስተር አርማንዱ ግን ጭንብሉን ገፍተው ወደ እኔ ተንጠራሩ።

"አላለቀም!" አሉ። "ንገሪያቸው! አንድ ይቀራል!"

"ምን እያለ ነው?" አለኝ ባለ ቀይ ጢሙ።

ምን ልበለው? "ኳስ እየተጫወቱ ነበር" አልኩት። እንደ እብድ አየኝ፤ ወይም እንደ ደከመ ሰው። አምቡላንሱ ውስጥ ቦታ የለም ብለው እኔን ትተውኝ ሄዱ። በረንዳው ላይ ቆሜ መብራቱ በቀስታ፣ እየተንሸራተተ ሲርቅ አየሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን በትክክል መናገር ይቸግረኛል። ተርፈዋል። የለመንኩት ሆኗል፤ አስራ አራተኛው አልገባም። ነገር ግን ከአንድ ሰው ላይ የሆነ ነገር ነጥቀው የወሰዱበት መሰለኝ፤ እኔም ቆሜ እያየሁ።

መንገዱ ተከፍቶ ቴሬዛ አባቷ አጠገብ የደረሰችው በማግስቱ ነው። እኔ ሐኪም ቤት አልሄድኩም፤ የኤጀንሲው ሕግ አይፈቅድም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። ቀብራቸው ላይ ቴሬዛ አቅፋኝ ብዙ ቆየች። "አንቺ ጋ የተናገረውን ሁሉ ንገሪኝ" አለችኝ፤ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠን ነገርኳት። ስለ ሰባተኛው ጎል ስነግራት መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች።

"እኔ ስደርስ መቁጠር ትቶ ነበር" አለችኝ። "እጁን ብቻ ይዘረጋል። ያዝኩት። ትክክል ሠራሁ?"

"አላውቅም" አልኳት። ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

ግርማ አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ ላይ የዚያን ሊግ ትልልቅ ውጤቶች ፈልጎ አሳየኝ። አስራ አራት ለዜሮ፤ አለ። ያሸነፈው ቡድን ስም አለ፤ የተሸነፈውም አለ። "የበረኛውስ ስም?" አልኩት። "እንዲህ ያለው ላይ አይጻፍም" አለኝ።

ወደ ዌርሃውሱ አልሄድኩም። ለምን እንደቀረሁ ሰው ሲጠይቀኝ "ብርዱን ፈርቼ" እላለሁ። ዛሬ የምሠራው ሐኪም "ከእንግዲህ የምናደርገው የለም" ካላቸው ሰዎች ጋር ነው። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ ትልቅ ትምህርት የምትጠብቁ ከሆነ አዝናለሁ። በዚያ ቀን ያደረግኩት ሁሉ አልሠራም። መብራቱን አላመጣሁም፤ ኦክስጅኑን አላቆየሁም፤ ሰውዬውን አላነሳሁም፤ ጨዋታውን አላስቆምኩም፤ እንዲጨርሱም አላስቻልኩም። አንዳንዴ ሰዎች "አንቺ ባትኖሪ ኖሮ" ይሉኛል። ብኖርም ባልኖርም ውጤቱ ያው ነበር። የማውቀው ከሰባተኛው በኋላ ጀርባዬን አለመስጠቴን ብቻ ነው፤ እሱም ጀግንነት አይደለም፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ነበር። ቢከፈት ኖሮስ? ይህን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩትም።

ከዓመታት በኋላ ታናሽ እህቴ ሕይወት በቤተሰብ ቪዛ መጣች። የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ ልጁ የልብ ችግር ይዞ ተወለደ። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለው ከተናገሩ በኋላ የሐኪም ቤቱ ኮሪደር አገልግል በያዙ ዘመዶች ተሞላ። "እግዚአብሔር ያውቃል" ይላል አንዱ፤ "የእከሌ ልጅም እንዲህ ብለውት ድኗል" ትላለች ሌላዋ። ሕይወት ግድግዳው ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ማንንም አታይም። እኔን ስታይ ግን ቀና አለች። ዘመዶቹም ዝም ብለው መንገድ ለቀቁልኝ፤ መፍትሔ ይዤ የመጣሁ መስሏቸው።

"ምን ትያለሽ?" አለችኝ።



"ምንም የለኝም፣ ሕይወትዬ።"

አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ከጎኗ አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችና ትንሽ ፈቀቅ አለችልኝ። ተቀመጥኩ።